ከሶል ትንሽ ከፍ ይላል

አርባ ዓመት ፒያኖ ቃኝቼ፣ በባሮን ኮረብታ ላይ፣
የቫልፓራይሶ ጨው ያዛገውን ሽቦ ሳጠብቅ፣ ሳላላ፣ ሳይ፣
የታመመ ድምፅ አውቃለሁ፤
የሰከረ፣ የጎረነነ፣ ጉንፋን የያዘው ሰምቻለሁ።
ጨርሶ ዝም ያለ ግን
ገጥሞኝ አያውቅም ነበር፤
ምኑን ይዤ ልቃኘው? ዝምታ ጫፍ የለው፣ ዳር።

ኮምፒውተሩን ያመጣሁት ከተዘጋ ትምህርት ቤት፤
መስኮቱን ነቅላ ፔንግዊን ያሰፈረችበት
ሊካን ናት፣ የጎረቤቴ ልጅ፣ ዓመቷ አሥራ አራት፣
ጥፍሯን እየበላች የምታስብ፣ ስታስብ የማያናግሯት።

«አጥፍተው አብርተውታል?» አለችኝ ገና ከበሩ።
እንዴታ! ሰባት ጊዜ፤ በቡጢም ተመትቷል ዳሩ።
«ገመዱስ?» ጎንበስ ብላ ከኋላ በእጇ ዳበሰች፣
ከሮዙ ቀዳዳ ነቅላ አረንጓዴው ውስጥ ሰካች።
ምንም።
ድምፅ ማጉያው እንደ ተቀየመ ባል
ግድግዳ ግድግዳውን ያያል።

ጥቁሩን ገጽ ከፈተች፣ ፊደል ብቻ የሚዘንብበት፤
«ካርዱ ታውቋል» አለች፣ «ስሙ ተጽፏል ከነዓይነት፤
ድራይቨሩም ቦታው ላይ ነው።» «ሹፌር ካለ ለምን ቆመ?»
አልሳቀችም። ጣቷ ሄደ፣ መጣ፣ ደግሞ ደገመ።
ድምፁን ሲልክ የከረመው ለስክሪኑ ኖሯል ለካ፤
አፍ ለሌለው ለመስተዋት፣ በሰው በር ሲያንኳኳ።
መለሰችው። አሁንም ዝም።

የድምፁ መቆጣጠሪያ ወጣ፤ ዓምዶች በረድፍ ቆመው፣
ከሥራቸው ሁለት ሁለት ኤም፣ እንደ ልጓም ጎርሰው።
«ኤም ማለት አፉ ተይዟል» ብላ አንዱን ነካች፤
ከንፈር ገጥማ የነበረች ፊደል ዜሮ ሆና ተከፈተች፣
ክብ፣ ልክ እንደ አፍ።
ቃል ግን አልወጣትም።

ሌሊቱ ገፋ፤ ታች ወደቡ ላይ መርከብ አንዴ አጓራ፤
ሊካን የድራይቨሩን ሆድ ዕቃ ታነባለች ተራ በተራ።
«ማንም ይገልጠዋል» አለች፣ «ቁልፍ የለው፣ ዘበኛ የለው፤
የሠራው ሰው ራሱ ነው ክፍቱን የተወው።»
ከመስመሮቹ መካከል አንድ ማስታወሻ አገኘች፣
ጥፍሯን ከአፏ አውጥታ ቀስ ብላ አነበበች፦
«የዚህ ሰሌዳ ሽቦ ተገልብጧል። ለምን እንደሆነ አላውቅም።
እንዲህ ካደረጋችሁት ግን ዝም አይልም።»
ከሥሩ ስም፦ ቱርካ፣ ከኦውሉ።
ካርታ ላይ ፈለግነው፤ በረዶ ነው ዙሪያው ሁሉ።

ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባኝ፤ ይኸ የእኛም ልማድ ነበር።
የፒያኖ ሆድ ሲከፈት፣ ከመጀመሪያው ነጭ ጥርስ ሥር፣
በእርሳስ የተጻፈ አለ፤ ከሚቀጥለው ቃኚ በቀር
ማንም የማያየው፦ «ኦያርሱን። ሦስተኛዋ ሬ ትለግማለች። ዝናብ ነበር።»
እኔም ከሥሩ ጽፌያለሁ፦ «አሁንም ትለግማለች።»
ሰውየውን አላውቀውም፤ ያስቸገረችው ሬ ግን እጄ ላይ አለች።

ሊካን አንዲት ቃል ጨመረች። አጠፋች። አበራች።
ከማጉያው አንዲት ሴት በእንግሊዝኛ «ፊት፣ ግራ» አለች፤
ቆይታም «ፊት፣ ቀኝ»፤
እንደ ጉምሩክ ሠራተኛ፣ ፈገግታ የሌላት ዳኛ።

ልጅቱ በወንበሩ ዞረች፣ ዞረች። እኔ እጄን አነሣሁ፦ ቆዪ።
ከሴትዮዋ ኋላ ሌላ አለ፤
ቀጭን፣ ከንፈሩን የገጠመ፣ እምምም የሚል።
«እሱማ መብራቱ ነው፣ ከግድግዳው የሚገባ፤ ነገ እናጠፋዋለን።»
መቃኛ ሹካዬን ጉልበቴ ላይ መታሁ፣
ከላ ጀምሬ ቁልቁል በጆሮዬ ደረጃ ወረድሁ።
ሶል ነው። አይ፣ ሶል አይደለም፤
ትንሽ ከፍ ይላል፣ የግማሽ ድምፅ ሲሶ ያህል።

እንግዲህ ማቀዝቀዣው፣ አምፖሉ፣ ኮረብታ የሚወጣው አሳንሰር
አርባ ዓመት ሙሉ በተዛነፈች በዚች ድምፅ ሲያዜም ነበር፤
እኔ ደጁ ላይ ተቀምጬ፣ የቃኘሁ መስሎኝ ሰፈር።

እርሳሴን አወጣሁ። ከሣጥኑ ክዳን በውስጥ በኩል፣ ከብረቱ ዳር፣
ጻፍሁ፦ «ኤሌውቴሪዮ እና ሊካን። ከሶል ትንሽ ከፍ ይላል። ጉም ነበር።»