አንድ መንጠቆ

ርዕሰ መምህራችን ደብዳቤ ጻፉልኝ፣
«የመጠባበቂያ ዕቅድ አዘጋጅ» አሉኝ።
«መብራት ቢጠፋብን፣ መስመሩ ቢቋረጥ፣
ሰርቨሩ ቢቃጠል፣ ፋይሉ ቢያመልጥ፣
እንዴት እንነሣለን? በሦስት ገጽ ግለጥ።»

«አንደኛ» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ እጄ ቆመ።
ለዕቅዱ መግቢያ፣ ከዕቅድ የቀደመ
ኑዛዜ አለብኝ፣ ሆዴ ውስጥ የከረመ።

መሐል ሜዳ ነው አገሩ። ጉሙ ሳያንኳኳ ገብቶ
ተማሪ መስሎ ይቀመጣል፣ የኋላ ወንበር ለይቶ።
ነፋሱ ምሰሶ ገፊ፣ ሽቦ በጥሶ የሚያስተኛ፤
መብራት ሲመጣ እንግዳ፣ ሲሄድ ግን እንደ ቤተኛ
ደኅና ዋሉ እንኳ አይልም።

እኔ ደግሞ አዲስ ምሩቅ፣ ከደብረ ብርሃን የመጣሁ፣
የዐሥር ዓመቱን ውጤት በሦስት ወር ማሽን ያስገባሁ፣
«ወረቀት ሞተ» እያልኩ ስብሰባ ላይ ያወጅሁ።

ሬከርድ ክፍል ግን ወይዘሮ ዘነበወርቅ አሉ፤
ጣቱ የተቆረጠ ጓንት አጥልቀው ይጽፋሉ፤
እኔ ማሽን ውስጥ ያስገባሁትን፣ እሳቸው በእጅ ይደግማሉ።
«ለምን ይደክማሉ፣ እትዬ?» አልኳቸው ሳቄ ፈልቆ።
«አደራ እኮ ነው ልጄ፤ አይሰቀልም ባንድ መንጠቆ።»

ሰኔ በገባ በአራተኛው ሌሊት፣ መብረቁ እንደ ሌባ
ሽቦ ይዞ ወርዶ ሰርቨሩ ክፍል ገባ።
ጠዋት በሩን ስከፍት የላስቲክ ቃጠሎ ሽታ፣
ጥቁር ግድግዳ፣ ጸጥታ።
መጠባበቂያ ቅጂው? አዎ፣ ነበረኝ፤ ሰርቨሩ ጀርባ እንደተሰካ።
ከጌታው ጋር አብሮ ነዷል። ሁለቱም አንድ ነበሩ ለካ።

ስምንት መቶ ዐሥራ አንድ ልጅ።
ለፈተናው ዘጠኝ ቀን።

ወይዘሮ ዘነበወርቅ ቁልፉን ከመቀነታቸው ፈቱ፤
ወቀሳ ስጠብቅ፣ የብረት ሣጥኑን ከፈቱ፤
«ፋኖስ አምጣ» አሉ፣ ሌላ ቃል ሳይተነፍሱ።

ሦስት ሌሊት። እሳቸው ሲያነቡ እኔ ስጽፍ
በውሰት ላፕቶፕ፣ ጀኔሬተሩ ሲያስነጥስ፣ ሲያርፍ።
«ጥላዬ ደምሰው፣ ሒሳብ ስልሳ ሦስት።» ጻፍኩ።
«ሸዋፈራሁ ንጋቱ፣ ፊዚክስ አርባ ስምንት።» ጻፍኩ።
ከዚያ ድምፃቸው ተገታ። መዝገቡን ወደ ፋኖሱ አስጠጋሁ፤
ኅዳጉ ላይ በእርሳስ፣ ደቃቅ ጽሕፈት አየሁ፦

«ጥር ላይ እናቷ ታማባት ቀረች። ስትመለስ እንዳትቀጣ።»
«በጓሳ በኩል ነው መንገዱ፤ ጎርፍ ሲሞላ አይምጣ።»
«ይህ ልጅ ዐይኑ ሩቅ አያይም፤ የፊት ወንበር ይሰጠው።»

ይህን ልጅ አውቀዋለሁ። ዓመቱን ሙሉ የኋላ ወንበር ላይ ያስቀመጥኩት
«አይከታተልም» ብዬ እዚያው ማሽን ውስጥ የከተትኩት።
መብረቁ አቃጠለልኝ። እግዜር ይስጠው።
በሠራሁት ሠንጠረዥ ላይ ለኅዳግ ቦታ አልነበረም።

እንግዲህ ዕቅዱ ይኸው፣ ሦስት ገጽ አልሞላም፦
አንደኛው ቅጂ ከግቢ ወጥቶ፣ ሞላሌ ሄዶ ይደር፤
ደመና ሲጠቁር መሰኪያው ይነቀል፣ ዘበኛው ጋሽ ሽብሩም ይማር፤
በወር አንድ ቀን፣ መብራት እያለ፣ እንደሌለ ሆነን እንዋል፣
በጠመኔ ማስተማር ከረሳን፣ እሱ ነው ዋናው መጉደል።
መዝገቡም ይቀጥል፣ በእጅ። ኅዳጉም። በተለይ ኅዳጉ።

በመጨረሻው ሠንጠረዥ ሁለት ዓምድ አለ።
«ኃላፊ» በሚለው ሥር «ወይዘሮ ዘነበወርቅ» ብዬ ጻፍኩ፤
ጡረታቸው ሐምሌ ሠላሳ ነው።
«ተተኪ» የሚለው ባዶ ሆኖ ሁለት ቀን አደረ።

ቅዳሜ ገበያ ነው።
ጓንት ልገዛ አስቤያለሁ፣ ወፍራም፣ የሱፍ፣
ጣቱን በመቀስ የምቆርጠው።