ዋስ

ካምባዶስ ይዘንባል። ከደረጃው በታች
ኡሺያ ተኮራምታ ብሮውዘር ከፈተች፤
የዛጎል ለቃሚዎች ማኅበር ሰርቨር ነው፣
ንዳድ እንደያዘው ጀርባው የሚፋጀው።

የመጣችው ለአንድ ሞጁል ነው፣ ለመጠባበቂያ ቅጂ፣
ግማሽ ሰዓት ብላ፤ ይኸው ሊነጋ ነው እንጂ።
"ጫን" ብትል፣ "ዋስ ጥሪ!" አላት ሞጁሉ፤
ዋሱም ዋስ ፈለገ፣ እንደየአመሉ።

በሦስተኛው ዋስ ላይ ዝርዝሩን ስትወርድ
አንድ ስም አገኘች፣ ከማንም የማይዛመድ።
"ጉድለት" ይላል ስሙ። ጸሐፊው ብራይስ ነው፣
ከተቀበረ አራት ዓመት ያለፈው።
ከሥሩ በገዛ ቃሉ፦
"ለሳቤላ ነው። ጆሮዋ ደክሟል።
ባሕሩ ሲጎድል መብራቷን ያበራል።"

ገጹ በቀይ ጻፈ፦ "ጊዜው አልፎበታል። ይወገድ?"
ኡሺያ ዝም። ጣቷ ማውሱ ላይ።

ከመንገዱ ማዶ፣ ከጨለማው ቤት፣
መብራት በራ።
በሩ ተከፈተ። ቦት ጫማ፣ ሻርፕ፤ አሮጊቷ ያለ ጥላ
ወደ ጎደለው ባሕር ወረደች፣ ባልዲዋን አንጠልጥላ።

ኡሺያ "አይ"ን ጫነች።
"ስንተኛው ዋስ ላይ ነበርኩ?" አለች።