ጣውንቶቼ

ባሌ አጣናው በስተርጅና ሚስት አበዛ፤
አንዷን ከባንክ ጓሮ በሐራጅ ገዛ፤
አንዷን ከአዘዞ፣ ከጦር ሰፈሩ በታች፣
በጋሪ አስጫናት፤ ጋቢ ለብሳ መጣች።

ሁሉም ወይዘሮ ናቸው፣ ደልዳላ፣ ከባድ፣
መልካቸው የከረመ ቅቤ፣ የምድጃ አመድ።
ለቢሮ የተሠሩ፣ ጨዋታ የማያውቁ፣
ደመወዝ ሲደምሩ ጠረጴዛ ላይ ያለቁ።

ሳሎኔ ጠበበና ሶፋዬ ወጣ በረንዳ፤
ቡፌዬ ብቻ ቀረ፣ ሙጭጭ ብሎ ግድግዳ።
እንግዳ መጥቶ "ይህ ምንድን ነው?" ሲለው፣
"ይህቺ" ይላል ባሌ፣ ክዳኗን እየዳበሰው፣
"በጎንደር አንድ ነች፤ ባገር ምናልባት ሁለት፤
አንገቷ የሚዞር፣ ባለ ሁለት ዲስኬት።"
እንግዳው እሷን ያያል፤ እኔንም በሐዘኔታ፤
እንደ ለቅሶ ቤት ሰው ይወጣል በዝምታ።

ቁራሌው ኑሩ ብቻ ወዳጁ ነው የልብ፤
ከሳሙና በር እስከ ሸንታ ብረት ሲሰበስብ፣
ከበርሜል ከድስቱ መሐል አንድ ነገር ካየ
በራችንን ሳይመታ አንድ ቀን አልዘገየ።
"ጋሼ፣ ሬሳ አግኝቻለሁ፤ ብረት ነው ለኔ፤
ለርስዎ ምን እንደሆነ አላውቅም እኔ።"
እሱ በኪሎ ይሸጣል፣
ባሌ በነፍስ ይገዛል።

ስቆጣው በመስኮት ያሳየኛል፣ በጣቱ፣
የፋሲልን ግንብ፣ ጭጋግ ያለበት አናቱ፦
"እሱም በዘመኑ መሥሪያ ቤት ነበረ፤
አርጅቶ፣ ባዶ ሆኖ፣ ያኔ ነው የከበረ።"
ምን ይመለስለታል? ጨርቄን አነሳለሁ፤
የጣውንቶቼን አቧራ እወለውላለሁ።

ባለፈው ሐምሌ ግን፣ ዶፍ ሲወርድ በሌሊት፣
በሩን በክርኑ ገፋው፣ አቅፎ አንዲት፤
ኮቱን ለሷ አልብሶ፣
እሷ ደርቃ፣ እሱ እስከ ካልሲው ርሶ።
ልጮህ አፌን ስከፍት ኮቱ ተንሸራተተ።
ትልቁ ቁልፍ ላይ
ቀይ ነጠብጣብ።
ጥፍር ቀለም።
የኔ።

ሰማንያ አራት ላይ፣ ውሃና ፍሳሽ ቢሮ፣
ደመወዝ የወጣ ቀን፣ ከቆጣሪ አንባቢዎች ሮሮ
ተደብቄ ስቀባ ሹሙ ድንገት ገባና
እጄን ሳሸሽ ፈሰሰ፤ ይኸው አለ ገና።
ስድስት ነበርን፣ እሷ አንዲት፤ ወረፋ እንደ ቦኖ፤
የፊተኛዋ ሙቀት ወንበሩ ላይ ተከድኖ
ይቆየን ነበር።

ያውቅ ነበር ባሌ? "ብርቅ ናት" አለ ብቻ፤
"ባገሩ የላትም አቻ።"
ሶኬቱን ሰካ። ፋኗ እንደ አስም በሽተኛ ሳለ።
አረንጓዴ ብርሃን ቀስ ብሎ በቀለ፤
የይለፍ ቃል ጠየቀች።

ሠላሳ ዓመት! ልጆች ድሬያለሁ፤
እናቴን ቀብሬያለሁ፤
ቃሉን ረስቻለሁ።
ጣቶቼ ግን ሳይጠይቁኝ ሄዱ፤
ስድስት ቁልፍ ረገጡ፣ እንደ ደረጃ ወረዱ።

ውድነሽ ካሴ፦ ሦስት ብር ከሰባ አምስት።
ሐጂ ሰዒድ ይማም፦ የአራት ወር፣ ያልከፈሉት።
ቢተው ምንውየለት፦ ቆጣሪው ተነቅሏል።
ቢተውም ተነቅሏል።
እማሆይ ጥሩወርቅ፦ ዜሮ።
ያቺ ዜሮ የኔ ናት፤
ሹሙም አልደረሰባት።
ውሃ የሚቀዱት ለበሽተኛ ልጃቸው ነበር፤
ጣቴን አንድ ጊዜ ብቻ ሸርተት አደረግሁት፤ ነገር
አልመጣም።

መብራት ሄደ።
ሰፈሩ ሁሉ "ኤጭ!" ሲል ሰማሁ።
ባለዕዳዎቼ በአንድ ትንፋሽ ጠፉ፤
መስታወቷ ላይ ቀጭን አረንጓዴ ቀረ፣
እሱም ሲጠብ፣ ሲጠብ፣ አደረ።
"አስቀመጥሽው?" አለኝ ባሌ በጨለማ።
ከጣሪያው ላይ ዝናቡ ብቻ ይሰማ።

ጠዋት ቡፌዬን
ራሴ ገፍቼ አወጣሁት።