ሃምሳ ደቂቃ

አርባ ዓመት ነድቼ የኤንትሬ ጭነት፣
ዛሬ ልጄ ገዛ የአውሮፕላን ትኬት።
ከቦሌ ኮምቦልቻ ሃምሳ ደቂቃ አሉኝ፤
ለኔ ሁለት ቀን ነው፣ ጎማ ካልፈነዳብኝ።

ጣርማ በር ይሆናል ብዬ ስገምተው፣
እግሬ ፍሬን ረገጠ፤ ምንጣፍ ነው ያገኘው።
ካራቆሬ ያለች ዘምዘም፣ ባለ ሻይዋ፣
ሰባት ብር አለብኝ የቆየ ዕዳዋ፤
ሳልከፍል፣ ሳልጠራት፣ በረርኩ በላይዋ።

አስተናጋጇ ልጅ «ደርሰናል» ብትለኝ፣
«ሐረጎስ የታለ?» ስላት ሳቀችብኝ።

ሐረጎ ላይ ጉሙ ታክሲውን ዋጠው፤
ከፊት ሲኖትራክ አለ፣ ሲሚንቶ የጫነው።
ክላክስ ያበዛውን ሾፌር ያዝኩት በእጄ፦
«አትቅደም፤ ዳገት ነው፤ ይተንፍስ፣ ልጄ።»

ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር፤ ሰዓት ከሩብ ነው።
ደሴ፣ ፒያሳ ላይ
እግሬ ፍሬኑን ተወው።