የፋግኒ ውሃ

ከራንቺ ስንወጣ መንገዱ ቀይ አፈር፣
ከኋላዬ አራት ሰው፣ ባርኔጣና መነጽር፤
«ያቃጥላል ወይ?» አለ አንዱ፣ ገና ሳንደርስ ከመንደር።

ለዚህ ጥያቄ በሦስት ቋንቋ የሸመደድኳት መልስ አለችኝ፤
«እምነት ላለው አበባ ነው።» ይህቺው ናት ያኖረችኝ።
ቤንዚን ትቀዳለች፣ ጎማ ትቀይራለች፣
እኔ ሳላስባት ካፌ ትወጣለች።

ሳልዲህ ደረስን። ግድግዳው በጣት የተሳለ ጭቃ፣
ግቢው የማሁዋ አበባ፣ ለፀሐይ ተሰጥቶ እስኪበቃ።
አንዲት አሮጊት የእንግዳዬን ባርኔጣ ለካች፤
ሳቀች፤ መለሰች።
«ንጹሕ ኑሮ!» አለ አንደኛው፣ እጁን ዘርግቶ ወደ ሜዳው።
የውሃ ጉድጓዱ ከደረቀ ሦስት ወሩ ነው፤
እሱን አልተረጎምኩም።

ውሸትም አልነገርኳቸው። በማንዳ ሌሊት ፍምን ፍም የሚል የለም፤
አበባ ነው ስሙ። ሰው ደግሞ በአበባ አይቃጠልም።
የሳል ግንድ ከቀትር ጀምሮ ይነዳል፣
ሲመሽ ቦዩ ውስጥ ፍሙ ይደለደላል፣
በሰፌድ ያራግቡታል፤
አመዱ እንደ ቆዳ ይገፈፋል፣
ከሥሩ ቀይ ዓይን ያያል።

ወንዱ ቦክታ ነው፤ የሚራመድ።
ሴቲቱ ሶክታይን፤ እናት፣ እህት ወይ ሚስት፣
ስለ እግሩ የምትጾም፣
ጠብታ የማትቀምስ። ጥማቷ ነው ጫማው።
እሱ ከተቃጠለ ግን
እሷን ነው የሚያያት ሰው።

ይህንንም ለእንግዶቼ እናገራለሁ፤
ከዚህ በኋላ ያለውን እዘለዋለሁ።

አባቴ አሥራ ሁለት ዓመት አበባውን ተራመደ፣
ተረከዙ የሕፃን ነበር። እሳት አመድ ወለደ
የሚባልልኝ እኔ ነኝ፣ ጃትሩ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤
እህቴ ፋግኒ ጾመችልኝ፣
ከንፈሯ ተሰነጠቀ፣ ዝናብ እንደ ናፈቀ አፈር።

እኔስ? በዋዜማው ከጫካው ዳር፣ ከጓደኞቼ ጋራ
የማሁዋ አረቄ፤ አንድ ጣሳ፣ ሁለት ጣሳ፣ ሦስተኛውን ሳልፈራ።
ሲነጋ ታጥቤ ቢጫ ጨርቄን ታጠቅሁ፣
ነጋራው ሲጎሰም ገባሁ።
በሦስተኛው እርምጃ ጮኽሁ።

ወደ እኔ የዞረ አንገት አልነበረም።
«ውሃ ጠጥታለች!» አለ አንድ ድምፅ፤ የማን እንደሆነ ዛሬም አላውቅም።
«ተደብቃ፣ በመዳፏ!»
ፋግኒ ምንም አላለች። ተጣብቆ ነበር አፏ።
እኔም ቅጠል ተጠቅልሎልኝ፣ እግሬን ታቅፌ ዝም አልኩ።
የእጮኛዋ ቤተሰቦች መጥተው ቃላቸውን ሲያነሱም
ዝም አልኩ።
በኋላ ከተማ ገባሁ፣ መኪና ገዛሁ፣
የሌላ ሰው እሳት ቸርቻሪ ሆንሁ።

ዛሬ የሚራመደው ቻምሩ ነው፤ ልጇ፣
ዘግይታ ካገባችው ሽማግሌ የወለደችው።
ሄደ። ሳይቸኩል፣ ማለዳ ማሳውን ሊያይ እንደ ወጣ ገበሬ፣
ጤዛ እንደሚረግጥ ነገር።
ዳር ሲደርስ አንዷ እንግዳዬ ተንበርክካ እግሩን ፎቶ አነሳች፤
አመድ ብቻ ነበር።

ፋግኒ ከሴቶቹ መሀል ወጣች፣ በነሐስ ጽዋ ውሃ ይዛ።
ጾሟን ልትፈታ ነው ስል
ከንፈሯን ሳታርስ ወደ እኔ ዘረጋችው።
በኩሩክ ነው የተናገረችኝ፣ በልጅነታችን ቋንቋ፣ ቀስ ብላ፦
«ጠጣ። ያን ጊዜ ያልጠጣሁት ነው።»

«ምን አለች?» ይላሉ ከኋላዬ። «ምን አለችህ?»
«እንኳን ደህና መጣችሁ» አልኳቸው።

ጫማዬ ውስጥ ጣቶቼ ተኮማተሩ።
ጽዋው በመካከላችን ነው፤
እጇ አሁንም አልራደም።