ስምንት እርምጃ

እኔ ነኝ የያዝኩት፣ በሁለቱ እጄ፣
«ጎበዝ ነህ» እያልኩት፣ «አይዞህ፣ አይዞህ ልጄ»።
አገሩም ስሙ ነው፣ ሁለት እጁ እነሴ፤
ሁለት እጅ ብቻ ሆንኩ፤ የት ነበረች ነፍሴ?

ሞጣ ሆስፒታል፣ ከመስኮቱ ሥር፣ ሦስተኛው አልጋ።
ጓሮ አረቄ ሲወጣ፣ ጉልቻው ሲናጋ፣
የፈላ ድፍድፍ ከጭኑ እስከ ቁርጭምጭሚቱ
ወረደበት።
አምስት ነው ዓመቱ።

ጠዋት ጠዋት ፋሻው ይፈታል።
ቁስል የለበሰውን ጨርቅ አጥብቆ ይወዳል፤
በጨው ውሃ አርሶ፣ ታግሦ ላባበለው ይለቃል።
እኛ ግን ሰልፍ አለብን፣ ተራ አለ፣ እንቸኩላለን፤
«አንድ፣ ሁለት» ብለን፣
ሦስት ሳንል እንልጠዋለን።

«ልጅ እኮ ነው» ትላለች ሲስተር እናትነሽ፣
«ነገ ይረሳዋል፤ ምን አስጨነቀሽ?»
ክፉ ሰው አይደለችም። ፋሻ ሲጠፋ ከደሞዟ ትገዛለች፤
እሷም ከታላላቆቿ ይህንኑ ሰምታለች።
እኔም አምኜ ነበር።
ኮሌጅ ሳለሁ ስለ ልጅ ሕመም የተሰጠን አንድ ገጽ ነው፤
እሱንም «ለፈተና አይመጣም» ብለን ዘለልነው።

ኋላ ደብረ ማርቆስ ሦስት ቀን ሠለጠንኩ፣
አበሌን ፈርሜ፣ አንድ ወረቀት ይዤ ተመለስኩ፦
ስድስት ፊት ያለበት፣ ከሚስቀው እስከሚያለቅስ።
«የትኛው ነህ?» አልኩት፤ ዓይኑን ከወረቀቱ ሳይመልስ
ጣቱን ከሚስቀው ላይ አሳረፈ።
«ዜሮ» ብዬ ጻፍኩ። ያም ቀን አለፈ።

(ቆይቶ ነው የገባኝ፤
ምረጥ ያልኩት መስሎት ነው፤
የመረጠው የወደደውን ነው።)

በአራተኛው ቀን ልጁ ዝም አለ።
«ይኸው፣ ለመደው!» ተባለ፤ ክፍሉ ቀለለ።
እኔ ግን ደህነኛውን እግሩን አየሁ፣
ጣቶቹ ተኮማትረው አንሶላውን ቆንጥጠው፤
ዓይኑ ጣሪያው ላይ የቆርቆሮ ሚስማር ሲቆጥር፣
ደረቱ ሳይነሣ ሳይወድቅ፣ ትንፋሹን ሲቋጥር።
ዝምታ ጤና ከሆነ፣
መቃብር ቤት ያለው ሁሉ ድኗል ማለት ነው።

እናቱን ጠየቅኳት፣ ይህን ስም ስለምን እንዳወጣችለት።
«ከሱ በፊት የቀበርነው ልጅ አለ» አለችኝ፣ ነጠላዋን እያጣፋች፤
«አባቱን፣ አትርሳው ለማለት።»

አትርሳው።
እኛ ደግሞ በየጠዋቱ ካርዱን ከአልጋው ራስ አንሥተን፣
ስሙን ጮክ ብለን አንብበን፣
«ይረሳል» እንላለን።

መድኃኒቱ አለ።
ከሦስተኛው አልጋ ስምንት እርምጃ፣ ነጭ የብረት ቁም ሣጥን፣
ባለ ሁለት ቁልፍ። ቁልፉ አቶ ምንይችል ኪስ ውስጥ፣
ምንይችልም ሁልጊዜ ስብሰባ።
አገኘሁት በመጨረሻ፣ ደረጃው ላይ፣ ሊገባ።
«ሞርፊን? ለዚህች ፍሬ? ሱስ ቢሆንበትስ?
ትንፋሹ ቢቆምስ?
ማን ይጠየቃል?»
«በኪሎው ሰፍሬ፣ ከጎኑ ቁጭ ብዬ ትንፋሹን እቆጥራለሁ፤
እኔ እጠየቃለሁ።»

ዶክተሯ ፈረመች። እሱ ፈረመ። እኔ ፈረምኩ።
ሦስት ፊርማ፣ ጉንጭ ለማይሞላ ሽሮፕ።

ግማሽ ሰዓት ጠበቅን።
ይኸው ነበር የጎደለን፣ ግማሽ ሰዓት።
ፋሻው ሲፈታ ልጁ ስለ መኪናው ያወራ ነበር፣
ከዘይት ጀሪካን ስለተሠራው፤
አራተኛው ጎማ፣ የጠርሙስ ክዳን፣ ጠፍቶበት፣
እህቱ ናት የወሰደችው፣ ትክዳለች እንጂ።
እናትነሽ አጎንብሳ ትሰማለች፤
እጇ፣ ያ አሥራ ሰባት ዓመት የቸኮለ እጇ፣
ዛሬ ክሩን አንድ ባንድ ይፈታል።
ቀና አላለችም። አፍንጫዋን በክንዷ ጠረገች፣
«ቀጥል» አለችው፣ «ከዚያስ? ክዳኑንስ?»

ከዚያ ወደኔ ዞረ፤
ዓይኑ ትንሽ ከብዶታል፣ ግን ጥርት ያለ ነው፦
«ሲስተር፣ ይሄ ነገር ትናንት አልነበረም?»

ስምንት እርምጃ።
በሩን አየሁ፣ ቁም ሣጥኑን አየሁ፣ እጄን አየሁ፣
ሁለቱንም።

«ነበረ» አልኩት፤
«ነበረ፣ አትርሳው።»