አምስተኛዋ

ከዚራ በቀትር ሙቀት ሲያንቀላፋ፣
በኒሙ ጥላ ሥር ነው ሸንጓችን የሚሰፋ፦
እኔ ጎሚስታው፣
ሙክታር ባለ ባጃጁ፣ በዚህ ሰዓት ተሳፋሪ ቢጠራው የማይሰማው፣
ጋሽ ደረሰም፣ የጥንቱ ባቡር ተቆጣጣሪ፣
ፊሽካው ካንገቱ ያልወረደ፣ ለሌለ ባቡር ሰዓት ቆጣሪ።

ነገሩ እንዲህ ነው።
የኮሌጁ ሴቶች ቅዳሜ ከሐረሮቹ ጋር ይገጥማሉ፤
አራቱ አያጣሉንም፣ ይሰለፋሉ፦
ኢክራም፣ በደቻቱ አሸዋ ላይ እንኳ ኳስ የምታነጥር፣
ሲፈን፣ ከመስመሩ ማዶ ሆና፣ ሳታይ የምትወረውር፣
መንታ የሚመስሉት ማኅደርና ረድኤት፣
አንዷ ስታጠፋ ሌላዋ ይቅርታ የምትጠይቅላት።

አምስተኛዋ ግን!
እዚያ ላይ ነው ሸንጎው የሚሰነጠቅ።

«ሂቦ ናት አቦ!» ይላል ሙክታር፣ «የአንደኛ ዓመቷ!
እጇን ስትዘረጋ መረቡን ሊነካ ነው ቁመቷ።
ገና ልጅ እኮ ናት! ጉድ ታፈላለች በሁለት ዓመት!»
ጋሽ ደረሰ ፊሽካውን አሸት አድርጎ፦
«ቅዳሜ የዛሬ ሁለት ዓመት ናት?
እኔ ወይንሸትን ነው። ጉልበቷ ይታመም፣
ልቧ አያነክስም።»

«ጉልበቷማ የኔ ባጃጅ የፊት እግር ነው፣ ዳገት ሲያይ የሚንቋቋ!
እስከ መቼ ነው በትናንት መኖር?»
«አንተስ እስከ መቼ ነው ከነገ የምትበደር?
ነገ የሚባል ባቡር፣ ልጄ፣
ፊሽካ ነፍቼ ጠብቄዋለሁ፣ ባንዲራ ይዤ በእጄ።»

ምርቃናው ሲመጣ፣ ሙክታር ሂቦን ለብሔራዊ ቡድን አሰለፋት፤
ምርቃናው ሲሄድ፣ ነፃ ውርወራ ሰጥቶ አሳታት።

እኔ ዝም እላለሁ።
ከመነዳሪውን በውሃ ሳህን ነክሬ አረፋ እፈልጋለሁ።
ሰውም እንዲህ ቢሆን፣ ነክረው ቢያዩት፣
የሚተነፍስበትን ቀዳዳ ቀድመው ቢያውቁት!

አንድ ጊዜ እኔም ላይ ተሟግተዋል፣ በዚሁ ጥላ፣ በዚሁ አፍ፦
«ለገሰ ቁመት አለው፣ ገና ነው፣ ይደርሳል፣ ይለፍ።»
ይደርሳል!
ሦስት ዓመት አግዳሚ ወንበር ላይ ፎጣ ይዤ ደረስኩ፤
በአራተኛው አባቴ ሞተ፣ ይህን መንፊያ ወረስኩ።
አሁን የቡድኑን ኳሶች በነፃ እሞላለሁ።
ስንት አየር እንደሚበቃ በአውራ ጣቴ አውቃለሁ።

ሐሙስ አመሻሽ ወይንሸት እያነከሰች ብቅ አለች፤
ሂቦ ከኋላዋ የኳሱን ከረጢት ተሸክማለች።
«ጋሼ፣ አሮጌ ጎማዎችህን አውሰን» ብላ፣ ሳትጠብቅ መልስ፣
ደረበች፣ ደረበች፣ ክምሩ የሂቦ ትከሻ እስኪደርስ።
«ይቺ የሐረሯ ግዙፍ ናት። ጀርባሽን ስጫት፤
ኳሱ ሲመለስ አታሳልፊያት።»
ሂቦ ገፋች፤ ክምሩ ተናደ፤ አብራው ወደቀች።
«ድገሚ።»
ክርኗን አራግፋ ደገመች።
ጀንበር ገባች፣ አዛን ተሰማ፣ አሁንም «ድገሚ» ይላል ያ ድምፅ።
ሙክታር ጉንጩ እንዳበጠ ቀረ፣ ማላመጡን ረሳ።
ጋሽ ደረሰም ዝም፤
ክርክራችን ጎማ መሐል ወድቆ፣ ማንም አላነሳ።

ቅዳሜ ሂቦ ገባች፤
የመጀመሪያዋን ኳስ ከእጇ ተቀማች።
ሙክታር ፊቱን በሽርጡ ሸፈነ፤
ጋሽ ደረሰ «አላልኩም?» ሊል ከንፈሩን ከፈተ፤
ከአግዳሚው ግን ድምፅ መጣ፣
ወይንሸት ናት፣ በትከሻዋ ፎጣ፦
«ድገሚ!»

ውጤቱን ሌሎች ይንገሯችሁ፣ እኔ አልተከታተልኩም፤
ዓይኔ ፎጣው ላይ ቀረ፣ ከዚያ አልነቀልኩም።
ሦስት ዓመት ያንኑ ፎጣ ይዤ፣
በራሴ ተራ ላይ አፍጥጬ፣
አንድም ቀን «ድገም» ብዬ አላውቅ
ለሌላ ሰው፣ ድምፄን አውጥቼ።